እውነት ወይስ ተረት? «ሊኑክስ ከጫንክበት የላፕቶፑ ዋይፋይ አለቀለት»

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ የቆየ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ ሐሳብ ገብቶታል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም በጥቅሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የወጣ ካልሆነ አይቀበለውም። ከዱባይ አገልግለው ከሚመጡት የኤችፒ ኤሊትቡኮችና የዴል ላቲቲዩዶች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ቦንጋን እንውሰድ፤ ከተማዋ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ናት፤ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም እዚያው ነው። እናም የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ተማሪም፣ ከዴቻና ከጊምቦ ወረዳዎች የመጣውን ሪፖርት የሚያጠናቅረው ባለሙያም እጁ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ያገለገለ ማሽን ነው።

አንዳንዱ ታዲያ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ይጭናል። ማሽኑ ይፈጥንለታል፣ ስክሪኑም ድምፁም ይሠራል፤ የዋይፋይ ምልክቱ ግን ከቦታው የለም። ያን ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። «ብዬህ ነበር» የሚለው ይቀድማል። «የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል» የሚል ጠጋኝ አይጠፋም። «ጅማ ውሰደው» የሚልም አለ፤ ጅማ ደግሞ ደርሶ መልስ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጨረሻው ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ መልሶ ማስጫን ይሆናል። በእኔ ግምት ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ አንድ ችግር አለባቸው፦ ካርዱ የማን እንደሆነና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። ያ ቁጥር ግን በግማሽ ደቂቃ ይገኛል፣ ምንም አይከፈልበትም።

«ሊኑክስና ዋይፋይ አይስማሙም»

ተረት ነው፤ ግን አንድ ጊዜ እውነት የነበረ ተረት።

ተረትነቱን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጡ የሚሠራው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ነው። ዋይፋዩን ከሚረጩት የቤትና የቢሮ ሳጥኖችም ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባለውን ራውተር በሊኑክስ ሠርቶ ሲሸጥ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2003 አካባቢ ነበር፤ የሶፍትዌሩን ኮድ እንዲያወጣ ሲገደድም ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለው ፕሮጀክት ከዚያ ተወለደ። የሚገርመው ያ ራውተር የያዘው ቺፕ የብሮድኮም መሆኑ ነው። ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የጫነውን ሰው ለዓመታት ያስለቀሰው ኩባንያ ማለት ነው።

ብሮድኮም ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጸውን ሰነድ ለማንም አላሳይም ብሎ ነበር። በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የኩባንያውን የተዘጋ ድራይቨር ፈታተው፣ ቺፑ ምን ሲባል ምን እንደሚመልስ አንድ በአንድ እየመዘገቡ፣ የራሳቸውን ድራይቨር ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከርነል 2.6.17 ውስጥ ገባ። ኩባንያው ራሱ ክፍት ድራይቨር ያወጣው መስከረም 2010 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያውም ለአንዳንድ ቺፖቹ ብቻ። አቴሮስ የሚባለው ሌላው አምራች ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ2008፣ አት9ኬ የተባለውን ክፍት ድራይቨር ሰጥቶ ነበር። ኢንቴል ደግሞ ከሴንትሪኖ ላፕቶፖች ዘመን ጀምሮ ለሊኑክስ የራሱን ሰዎች መድቧል። ስለዚህ በአንድ ዓመት የተገዙ ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ወዲያው ሲሠራ ሌላው ባዶ ይሆን ነበር፤ ሰውም የሚያወራው ስላልሠራው ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። በ2000 ዓ.ም. ማግስት በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፖች «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ታድለው ነበር። ኤክስኦ ይባላሉ። ከስክሪኑ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ተቀስረው የሚከፈቱት ሁለቱ ነገሮች የዋይፋይ አንቴናዎቹ ናቸው፤ ውስጡ የሚሠራው ሊኑክስ ነው፤ ካርዱ ደግሞ የማርቬል ቺፕ ነው፣ ሊበርታስ በሚባል ድራይቨር የሚነዳ። ያ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ዋናው ከርነል ገብቷል። በጊዜው የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች ስለዚህ ካርድ ብዙ ተከራክረውበታል፤ ምክንያቱም ድራይቨሩ ክፍት ቢሆንም ቺፑ ላይ የሚጫነው ፈርምዌር የማርቬል ምስጢር ነበር።

ዛሬ ቦንጋ ላይ የሚያጋጥመውን ችግር ለመረዳት ይህ የድራይቨርና የፈርምዌር ልዩነት ቁልፍ ነው። ድራይቨሩ በላፕቶፑ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ የከርነሉ አካል ነው። ፈርምዌሩ ግን ካርዱ ራሱ ውስጥ ባለው ትንሽ ፕሮሰሰር ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው፤ ካርዱ ቋሚ ማስቀመጫ ስለሌለው ማሽኑ በበራ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንስቶ ይልክለታል። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ከሌለ ድራይቨሩ አለ፣ ካርዱም አለ፣ ዋይፋይ ግን የለም። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እነዚህን የተዘጉ ፋይሎች ከመጫኛ ዲስኩ አግልሎ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ አባላቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተው ሐሳባቸውን ቀየሩና በሰኔ 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ አብረው ይመጣሉ። የድሮ የዴቢያን ፍላሽ ከጓደኛ ተውሶ የሚጭን ሰው ግን አሁንም በድሮው ወጥመድ ይያዛል።

«ካልታየ ተቃጥሏል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ተረት ይህ ነው፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

ተርሚናሉን ይክፈቱና ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉትን አምስት የላቲን ፊደላት አያይዘው በትንንሹ ይጻፉ። ከዚያ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ሁለት ኤን እና አንድ ኬ፤ ኢንተር። ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካው ዕቃ ሁሉ ይዘረዘራል። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ መጨረሻው ላይ በቅንፍ የተዘጉ፣ በሁለት ነጥብ የተከፈሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የአምራቹ መለያ ነው። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው የታወቀበትን የድሮ ፕሮሰሰሩን ስም መለያው አድርጎ ወስዶታል። 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ኢሲ ሪያልቴክ፣ 168ሲ አቴሮስ፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ። ሁለተኛው ቁጥር የቺፑ ዓይነት ነው። ለምሳሌ 14ኢ4 ከዚያም 4365 ቢል፣ እጅዎ ላይ ያለው ቢሲኤም43142 ነው፤ በዴል ኢንስፓይሮንና በኤችፒ ፓቪሊዮን ውስጥ በብዛት የገባ፣ ክፍት ድራይቨር የሌለው፣ ግን በብሮድኮም የተዘጋ ድራይቨር ደህና የሚሠራ ካርድ።

ካርዱ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ከተጠራ ጨርሶ አልሞተም። ጨርሶ የተቃጠለ ካርድ ስሙን አይናገርም። አንድ ጠጋኝ ይህን መስመር ሳያይ «ተቃጥሏል» ካለዎት ላፕቶፑን ይዘው ይውጡ።

ከስሙ በታች ያሉት መስመሮች ቀሪውን ይነግሩዎታል። «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ከሌለ የጎደለው ድራይቨር ነው። መስመሩ ኖሮ ዋይፋይ ከሌለ ደግሞ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ የሚለውን ትዕዛዝ፣ ከፊቱ ሱዶ የሚለውን ቃል አስቀድመው፣ ይጻፉና ከሚፈሰው ጽሑፍ ውስጥ ፈርምዌር የሚለውን ቃል ይፈልጉ። ቀይ መስመር ላይ «ኤረር -2» ካዩ ደስ ይበልዎት፤ በሊኑክስ ቋንቋ -2 ማለት «ፋይሉ የለም» ማለት ነው፣ የፋይሉም ስም እዚያው መስመር ላይ ተጽፏል። የጠፋውን ዕቃ ስም እየጠራ የሚነግርዎ ማሽን ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ቢጫ ምልክት ብቻ ያዩ ነበር።

ድራይቨሩም ፈርምዌሩም ኖረው የማይሠራበት ሦስተኛ ሁኔታ አለ፤ እሱ ደግሞ በጣም ቀላሉ ነው። «አርኤፍኪል ሊስት» የሚለው ትዕዛዝ ሬዲዮው ተዘግቶ እንደሆነ ያሳያል። ሁለት ዓይነት መዘጋት አለ። ሶፍት የሚለው በሶፍትዌር የተዘጋ ነው፤ «አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ሲሉት ይከፈታል። ሃርድ የሚለው ግን በቁልፍ የተዘጋ ስለሆነ ምንም ኮማንድ አይከፍተውም። የቆዩ ዴሎችና ቶሺባዎች ጎናቸው ላይ ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸው፤ ከቦርሳ ሲወጣ ሲገባ ትነካለች። ኤችፒዎች ላይ አንቴና የተሳለበት ቁልፍ ከላይኛው ረድፍ አለ፣ ብርሃኑ ብርቱካናማ ከሆነ ሬዲዮው ጠፍቷል። አንዳንድ ሌኖቮዎች ደግሞ ምንም ማብሪያ ሳይኖራቸው «በቁልፍ ተዘግቷል» ብለው ይዋሻሉ፤ ጥፋቱ አይዲያፓድ ላፕቶፕ የሚባለው የከርነል ሞጁል ነው፣ እሱን እንዳይጫን ማድረግ ይበቃል።

ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን የጫኑ ሰዎች አንድ ነገር ይጨምሩ። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባል አሠራር አለው፤ አጥፋ ሲሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ካርዱንም በግማሽ እንቅልፍ ይተወዋል። ሊኑክስ ሲነሳ ካርዱ አልነቃ ሊለው ይችላል። ያንን አሠራር ከዊንዶውሱ የፓወር ሴቲንግ ያጥፉት።

በዝርዝሩ ጭራሽ ያልታየውስ? የዩኤስቢ ካርድ ከሆነ ኤልኤስዩኤስቢ የሚለው ትዕዛዝ ውስጥ ነው የሚገኘው። ካልሆነ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ዋይፋዩ እንዳልተዘጋ ማየት፣ ከዚያ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ካርዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ዝም ካለ፣ እሺ፣ ጠጋኙ እውነቱን ነው።

«የዊንዶውሱን ድራይቨር አምጣና ጫን»

ተረት። ኤችፒ ወይም ዴል ገጽ ላይ የሚገኘው የዊንዶውስ መጫኛ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይታወቃል፦ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ኤንዲአይኤስራፐር የሚባል መሣሪያ የኤክስፒን ድራይቨር በሊኑክስ ያስኬድ ነበር። ዛሬ ማንም አይነካውም፤ የዛሬዎቹን ካርዶችም አይረዳም። አንድ የሚያስቅ ልዩ ሁኔታ ግን አለ። ለቆዩት የብሮድኮም ካርዶች ቢ43 የሚባለው ድራይቨር የሚያስፈልገውን ፈርምዌር ማደል ስለማይፈቀድ፣ ፈርምዌሩን የሚጭነው የሊኑክስ ፕሮግራም ራሱ የብሮድኮምን የድራይቨር ፋይል ከኢንተርኔት አውርዶ ፈርምዌሩን ከውስጡ ቆርጦ ያወጣል። ያም ቢሆን እርስዎ የሚሠሩት ሥራ የለም።

«ዋይፋዩን ለማስነሳት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ በዋይፋይ ነው»

እውነት ይመስላል። ቦንጋ ላይ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት ቦታ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው የሚናገረው ይህንን ነው። መፍትሔው ግን ኪሱ ውስጥ ነው።

አንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ያገናኙ። ከስልኩ ሴቲንግ ሆትስፖት ያለበት ገጽ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚል አለ፤ ያብሩት። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ስላለ ምንም የሚጫን የለም። «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለው ደብዝዞ አልነካ ካለ ስልኩን አይውቀሱ፤ ገመዱን ይቀይሩ። በየሱቁ ርካሽ የሚሸጡ ገመዶች ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የሚያሳልፉት ሽቦዎች የሌሏቸው አሉ።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ደግሞ ይኸውና፦ ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ያንኑ ዋይፋይ በገመዱ ለላፕቶፑ ያሳልፋል። ስለዚህ በግቢው ወይም በካፌው ዋይፋይ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ማውረድ ይቻላል፣ ከሞባይል ጥቅል አንድ ሜጋባይት ሳይነካ። በሞባይል ዳታ የሚሠሩ ከሆነ ግን አስቀድመው የኔትወርኩን ሴቲንግ ይክፈቱና ግንኙነቱ የዳታ ገደብ እንዳለው ያመልክቱ፤ አለዚያ ኡቡንቱ አጋጣሚውን አገኘሁ ብሎ የሲስተም እድሳት ማውረድ ይጀምራል፣ ጥቅሉም ድራይቨሩ ሳይደርስ ያልቃል።

አንዴ ከተገናኙ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ»፣ ሚንት ላይ «ድራይቨር ማኔጀር» የሚለውን መክፈት ብቻ ነው። ካርዱን አይቶ የሚስማማውን ያቀርባል። የብሮድኮም ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ጨርሶ ኢንተርኔት ላያስፈልገው ይችላል፤ የተዘጋው ድራይቨር ሲጭኑበት በነበረው ፍላሽ ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው። ፍላሹን መልሰው ይሰኩና ድራይቨር ማኔጀሩን ይክፈቱ። ኡቡንቱን ሲጭኑ ደግሞ የሦስተኛ ወገን ሶፍትዌር ልጫን ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን አለ፤ አብዛኛው ሰው ሳያነበው ያልፈዋል። ምልክት ቢያደርጉበት ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

«ጫንኩት፣ አሁንም አይሠራም፤ እንግዲህ ሊኑክስ ውሸታም ነው»

የብሮድኮሙ ድራይቨር ተጭኖ ሲያበቃ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ያስወጣዎታል። ለምን እንደሆነ በአጭሩ ይናገራል፣ ማንም አያነበውም። ሲያጠፉና ሲያበሩት ከወትሮው የተለየ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። የመጀመሪያው ምርጫ «ኮንቲኒው ቡት» ነው፤ ጣት የለመደችውን ኢንተር ትጫናለች። አለቀ። ድራይቨሩ ተጭኗል፣ ግን ከርነሉ አያስገባውም።

የሆነው ይህ ነው። ሴኪዩር ቡት የበራ ማሽን ፊርማ የሌለውን ሞጁል አይቀበልም። የተዘጋው ድራይቨር እዚያው ላፕቶፕ ላይ ስለሚዘጋጅ የሚፈረመው በላፕቶፑ በራሱ ቁልፍ ነው፤ ያንን ቁልፍ ማሽኑ እንዲያምነው ባለቤቱ በአካል ተገኝቶ ማጽደቅ አለበት። ሰማያዊው ስክሪን የሚጠይቀው ያንን ነበር። «ኢንሮል ኤምኦኬ» የሚለውን መርጠው፣ ያወጡትን የይለፍ ቃል ቢያስገቡ ነገሩ ባለቀ። ካመለጠዎት ድራይቨሩን አጥፍተው መልሰው ይጫኑ፣ ስክሪኑ እንደገና ይመጣል።

የጥገና ቤቶች መፍትሔ ባዮስ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ነው። ይሠራል። እኔ ግን አንድ የይለፍ ቃል ላለመጻፍ የማሽኑን መከላከያ ለዘለቄታው ማውለቅ ስንፍና ይመስለኛል።

«ይህን ኮማንድ ገልብጠህ ለጥፍ»

ሪያልቴክ አርቲኤል8821ሲኢ የሚባለውን ካርድ የያዙ ርካሽ ኤችፒዎችና ሌኖቮዎች በርካታ ናቸው። ለእሱ የሚሆን ድራይቨር ዋናው ከርነል ውስጥ የገባው በ5.9፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች ሁሉ ከሆነ ሰው ገጽ ኮድ አውርደህ ራስህ ገንባው ይላሉ፤ ያኔ ልክ ነበሩ። ዛሬ በአዲስ ኡቡንቱ ላይ ያንኑ ቢከተሉ ሁለት ድራይቨሮች በአንድ ካርድ ይጣላሉ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥርም ከውጭ የመጣው ድራይቨር እንደገና መገንባት አለበት፤ ሄደር የሚባሉት ፋይሎች ከሌሉ፣ ወይም በመሃል መብራት ከጠፋ፣ ትናንት የሠራ ዋይፋይ ዛሬ የለም። «ሊኑክስ አፕዴት ስታደርገው ዋይፋዩን ይበላል» የሚባለው ወሬ ምንጩ ይህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመመሪያውን ዓመት ይዩ። አዲስ ከርነል ብቻውን የሚፈታውን ችግር በእጅ አይፍቱ፤ የሚዲያቴክ ኤምቲ7921 ከ5.12፣ የሪያልቴክ 8852ቢኢ ከ6.2 ጀምሮ ከርነሉ ያውቃቸዋል።

«ዝናብ ሲጥል ዋይፋይ ይዳከማል»

ቦንጋ ያለችበት ካፋ ዝናብ የማይጠፋበት አገር ስለሆነ ይህ አባባል እዚህ ሥር ሰድዷል። ግማሽ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዲሽ በዝናብ ሲቆራረጥ ያየ ሰው ዋይፋይንም እንደዚያው ይገምታል። የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚመጣው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ በሆነ ሞገድ ነው፤ የዝናብ ጠብታ ያንን በደንብ ይውጠዋል። ዋይፋይ 2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። በዚያ ሞገድ፣ ያውም በአንድ ግቢ ርቀት፣ ዝናቡ ከቁጥር አይገባም። ዝናብ ሲመጣ የሚሆነው መብራት ይጠፋል፣ ራውተሩም አብሮ። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠ ሰው ጥፋቱን ከሰማይ ያደርገዋል። የቆርቆሮ ግድግዳና የቆርቆሮ ክፍልፋይ ግን ሞገዱን በእርግጥ ይመልሳሉ፤ በደረቁም በእርጥቡም።

ሊኑክስ ላይ ብቻ ሲግናል የሚያንስ ከሆነ ደግሞ ወደ ቁጥሩ ይመለሱ። 10ኢሲ ከዚያም ቢ723 የሚል ካርድ፣ ማለትም ሪያልቴክ 8723ቢኢ፣ በሽታው የታወቀ ነው። ካርዱ ሁለት የአንቴና መሰኪያ አለው፣ ላፕቶፑን የገጠመው ፋብሪካ ግን ወጪ ለመቆጠብ አንድ አንቴና ብቻ አድርጎበታል፤ ድራይቨሩ ባዶውን መሰኪያ ሲመርጥ ራውተሩ አጠገብ ተቀምጦ እንኳ አንድ መስመር ብቻ ይታያል። አንት ሴል የሚባለውን አማራጭ 1 ወይም 2 አድርጎ በሞድፕሮብ ፎልደር ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ ነው መድኃኒቱ። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ በየጊዜው የሚቋረጥ ከሆነ ግን ፓወር ሴቭ ነው፤ በኔትወርክ ማኔጀር ፋይሉ ውስጥ 3 የሚለውን 2 ማድረግ ያጠፋዋል።

«ካርዱን ቀይረህ ተገላገል»

ይህ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከመታገል ይሻላል። ኢንቴል ካርድ ያለበት የተሰበረ ላፕቶፕ ያለው ጠጋኝ በርካሽ ይሰጥዎታል። ሦስት ነገር ግን ይወቁ። የቆዩ ቲንክፓዶችና ኤችፒዎች ባዮሳቸው የማያውቁትን ካርድ አይቀበልም፤ ቲንክፓዱ ሲበራ 1802 የሚል ቁጥር ጽፎ ቀጥ ይላል። ስማቸው በ1 የሚያልቅ አዳዲስ የኢንቴል ካርዶች፣ እንደ ኤኤክስ201 ያሉት፣ ግማሽ ሥራቸውን ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተዉ ስለሆኑ ቀዳዳው ቢገጥማቸውም በሌላ ማሽን አይሠሩም፤ ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ210 ግን ይሠራሉ። የአንቴናዎቹ መሰኪያዎች ደግሞ ከምስር ፍሬ ያነሱ ናቸው፤ ቀጥ ብለው ካልተጫኑ ይጣመማሉ።

ዩኤስቢ ዶንግል መግዛትም ይቻላል፤ እዚያም ያለው ወጥመድ ስም ነው። ቲፒሊንክ ደብሊውኤን722ኤን የሚባለው ዶንግል የመጀመሪያው ቨርዥን የአቴሮስ ቺፕ ስለነበረው ሊኑክስ ላይ ወዲያው ይሠራ ነበር፣ በዚያም ስም አተረፈ። ከሁለተኛው ቨርዥን ጀምሮ ውስጡ ሪያልቴክ ሆኗል፤ ስሙ፣ ቅርጹ፣ ካርቶኑ ያው ነው። ቨርዥኑ የተጻፈው ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ነው።

ላፕቶፑን ገና ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ደግሞ ኡቡንቱ ያለበትን ፍላሽ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱ። ሳይጭኑ «ትራይ ኡቡንቱ» ብለው ያስነሱትና ቁጥሩን ይዩ፤ 8086 ወይም 168ሲ ካለ ዋይፋዩ እዚያው ሻጩ ፊት ይነሳል። 14ኢ4 ካለና ዋይፋይ ካልታየ ላፕቶፑን አይጣሉት፤ ብዙውን ጊዜ የተዘጋው ድራይቨር ስላልገባ ነው እንጂ ካርዱ ደህና ነው። ነገር ግን ሻጩ «ዋይፋዩ አይሠራም እንዴ?» ብሎ ከደነገጠ ዋጋ ለመነጋገር ጥሩ ሰዓት ነው።